ጉልበት ሲያቃጥልና ሲነዝር የትኛው መድኃኒት ይሻላል?

እዚህ ካምፓላ ካባላጋላ ስኖር ጉልበቴ መገጣጠሚያው ተሸርሽሯል ተባልኩ። መጀመሪያ ስራመድ ብቻ ያመኝ ነበር፤ ዲክሎፌናክ ስወስድ ይታገሠኛል። በኋላ ማታ ማታ ያቃጥለኝ፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ይነዝረኝ ጀመር። ዲክሎፌናኩን ብጨምርም ጨጓራዬን ከመላጥ በቀር ምንም አልፈየደልኝም።

ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሕመም ሲቆይ ስሜቱን የሚያደርሱት ነርቮች ራሳቸው ከልክ በላይ ይነቃሉ። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ብግነትን እንጂ ይህን አያበርዱም። ለዚህ የሚታዘዙት ሌሎች ናቸው፦

ዱሎክሴቲን፦ ለጉልበት መሸርሸር ከሦስቱ የተሻለ ማስረጃ ያለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በ30 ሚሊግራም ተጀምሮ ወደ 60 ከፍ ይላል። ያቅለሸልሻል። ጉበቱን የታመመ ሰው መውሰድ የለበትም። ከትራማዶል ጋር መደባለቅም አደገኛ ነው።

አሚትሪፕቲሊን፦ ርካሽ ነው። ማታ፣ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይጀመራል። እንቅልፍ ያመጣል፤ አፍና ሆድ ያደርቃል። የልብ ሕመም፣ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መቋረጥ ችግር ያለባችሁ፣ በዕድሜ የገፋችሁም፣ ሳትናገሩ አትውሰዱት።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን፦ በስኳር በሽታ ለተጎዳ ነርቭና ከአልማዝ ባለጭራ በኋላ ለሚቀር ሕመም የታወቁ ናቸው፤ ለጉልበት ግን ማስረጃው ውስን ነው። ያዞራሉ፣ እግር ያሳብጣሉ። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ መቀነስ አለበት። ከአልኮልና ከትራማዶል ጋር ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያዳክሙ ይችላሉ።

ለእኔ ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልተሰማኝም፤ ልተወው ነበር። እነዚህ መድኃኒቶች ግን እንደ ፓናዶል ባመመ ሰዓት ብቻ አይዋጡም፤ በየቀኑ ተወስደው ሳምንታት ይፈልጋሉ። ሲቆሙም ቀስ በቀስ ነው፣ በአንዴ አይደለም።

ናኪቫሌም ሆነ ሌላ ካምፕ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የጎረቤት ኪኒን ተካፍላችሁ አትዋጡ። ክሊኒክ ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ አሳዩ። "ያመኛል" ብቻ ሳይሆን "ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል" በሉ፤ መድኃኒቱ የሚለየው በዚህ ነው። ስኳራችሁንም አስለኩ፤ መደንዘዙ ከዚያ ወይም ከወገብ ሊመጣ ይችላል።

ጉልበቱ ቀልቶና ሞቆ ትኩሳት ካለ፣ ወይም እግር ሰንፎ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ። መድኃኒት በሌለበት ቀን ደግሞ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። ዋጋ የለውም፣ ጉልበቱን ግን ይደግፋል።