ከግብር እስከ ዱቤ

ሰው ከቤቱ ውጭ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ከማያውቀው ሰው ጎን ተቀምጦ ምሳውን ቢበላ ዛሬ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? መቼም ከተሜ ሆነናል! ይሁንና ይህ ልማድ በአገራችን ዕድሜው ገና አንድ ምዕት ዓመት ከምናምን ነው። ሲጀመርማ ነውር ነበር። ነውሩ እንዴት ወግ ለመሆን እንደበቃ ለመረዳት ከካዛንቺስ የተሻለ ሰፈር አላውቅም።

ነገሩን ከቃል ልጀምር። «ግብር» የምንላት ቃል ሁለት ፊት አላት። ገበሬው ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ነው፤ ንጉሡ ለመኳንንቱና ለሠራዊቱ የሚያበላውም ግብር ነው። ከካዛንቺስ ሽቅብ ሲሉ በሚገኘው በምኒልክ ግቢ ያለው አዳራሽ የተሠራው ለዚሁ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በተራ በተራ እየገባ ይበላበታል። ተራው ግን እንደ ዛሬው ሰልፍ «ቀድሞ የመጣ ይቅደም» አይደለም። በመጀመሪያ ንጉሡ በመጋረጃ ተከልለው ከታላላቆቹ ጋር ይመገባሉ፤ ከዚያ መካከለኛው ሹም፣ ከዚያ ወታደሩ እያለ ይወርዳል። ማዕረግ ዝቅ ባለ ቁጥር ጠጁም እየቀጠነ ይሄዳል።

እንግዲህ በዚያ ዘመን ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው ወይ የጌታ ሎሌ፣ ወይ የድግስ ታዳሚ፣ ወይ የኔ ቢጤ ነው። መንገደኛውም ቢሆን ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ይላል እንጂ «ሂሳብ ስንት ነው?» አይልም። እንጀራ መሸጥ የቸገራት ሴት ሥራ፣ እንጀራ ገዝቶ መብላት ደግሞ ዘመድ የሌለው ሰው ዕጣ ነበር። መጠጥ የምትሸጠውንማ «ኮማሪት» ብለን ስሟን እስከ ዛሬ አጉድፈነዋል።

በ1890ዎቹ መጨረሻ እቴጌ ጣይቱ ፒያሳ ላይ ሆቴላቸውን ሲያሠሩ የገጠማቸው ይኸው ነው። ቤቱ አለ፣ ምግቡ አለ፣ በላተኛ ግን የለም። ጨዋ ሰው እንዴት ብሎ በአደባባይ እህል ይገዛል? ሲተረክ እንደኖረው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገቡ፣ በሉ፣ ከፈሉም። «ነግ በእናንተ» ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። ንጉሥ የከፈለበት ቤት ደግሞ ለባላባት አያሳፍርም። እኔ ይህን ትረካ የምወደው ስለ ሆቴሉ አይደለም። አብልቶ የሚያሳድር ንጉሥ እንደ ማንም በላተኛ ሂሳብ ሲከፍል ያሳየናልና ነው። ግብርና ገበያ በአንድ ገበታ ላይ የተገናኙት ያን ዕለት ነው።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ስሙ ራሱ ወራሪው ጥሎት የሄደ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበረው። «ካዛ» ቤት ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» በእኛ አፍ ሲታሽ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ሲባረር ስሙን ብቻ አይደለም የተወው፤ ፓስታውም፣ ፉርኖውም፣ ቦንቦሊኖውም ቀሩ። ዛሬ ቦንቦሊኖ የምትጠብሰዋ እናት ሮምን አታውቃትም፤ ማወቅም አያስፈልጋትም።

ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስፔን ፊሊፒንስን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ገዝታ በ1898 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለቃ ስትወጣ «አዶቦ» የሚለውን ስም ትታ ሄዳለች። በሆምጣጤና በነጭ ሽንኩርት የሚሠራው የሥጋ ወጥ ግን የፊሊፒኖዎቹ ነው። የቻይና ነጋዴዎች ያመጡት ፓንሲትም እንዲሁ የአገሬው ምግብ ሆኗል። የማኒላ ሠራተኛ እነዚህን የሚበላው በየመንገዱ ዳር ባሉ ትንንሽ ቤቶች ነው፤ ቤቶቹን «ቱሮ ቱሮ» ይሏቸዋል፣ «ጠቁም ጠቁም» እንደ ማለት። ድስቶቹ ተደርድረዋል፤ በጣት ጠቁመህ ታስቀዳለህ። የቤተ መንግሥት ታሪክ በድርሳን ሲጻፍ የሕዝብ ታሪክ በድስት ይጻፋል ብል አላጋነንኩም።

ካዛንቺስን የበላተኛ ሰፈር ያደረገው ግን ቢሮ ነው። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ቢሮ ባለበት ጸሐፊ፣ ሾፌር፣ ዘበኛና ተላላኪ አለ፤ ሕንጻ በሚሠራበት ግንበኛና ቀን ሠራተኛ አለ። ይህ ሁሉ ሰው ስድስት ሰዓት ሲሆን ይርበዋል። ዲፕሎማቱ ሆቴል ይገባል፤ የቀረውስ? የቀረውን ያበላችው ከጓዳዋ አንዷን ክፍል ከፍታ «ምግብ አለ» ብላ የጻፈች ሴት ናት።

እነዚያን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ደጃፍ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን፣ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ጥቂት ዱካ። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ፣ ሌላ ቀን ቅቅል ወይም ፓስታ በሥጋ፣ ሁልጊዜ ግን ሽሮ። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ደመወዝ ሳይደርስ ስንቱን ቀን ያለፍኩት በእነሱ ሽሮ ነው። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ የመጸዳጃውን ነገር ባላነሣ ይሻላል፤ ቅዱስ ነበሩ አልልም። ነገር ግን መምህሩና ወዛደሩ አንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ መጋረጃ አልነበረም። ዘግይቶ ለመጣም የቀጠነ ወጥ ቢቀርብለት ድስቱ ስላለቀ እንጂ ማዕረጉ ዝቅ ስላለ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ደብተሯ ነበረች። ስም፣ የበላው፣ የቀረበት ዕዳ። ሴትዮዋ ባንክ አታውቅም፣ መያዣ አትጠይቅም፤ «ወር ሲደርስ ትሰጠኛለህ» ብቻ። ዱቤ ማለት የሰፈር እምነት በብር ሲተመን ነው። የምታምንህ ደግሞ ሀብታም ስለሆንክ አይደለም፤ ነገም በዚህ ደጅ እንደምታልፍ ስለምታውቅ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አሮጌው ካዛንቺስ በብዛት ፈረሰ። ፈንድቃን የመሰለ ስመ ጥር የአዝማሪ ቤት እንኳ ከቦታው ተነሥቷል፤ ስም የለሾቹን ምግብ ቤቶች ማን ይቆጥራቸዋል! ከተማ አይለወጥ የሚል ክርክር የለኝም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል። ነዋሪው ምትክ ቤት ቢያገኝ መልካም ነው። ነገር ግን ለቤት ምትክ ይሰጣል፣ ለግቢም ካሳ ይሰላል፤ ለዱቤ ደብተር ግን ምትክ የለውም። ሴትዮዋ ወደ ዳር፣ በላተኛዋ ወደ ሌላ ዳር ከተበተኑ ያቺ እምነት እንደገና እስክትበቅል ዓመታት ይፈጃል።

ስለዚህ ለከተማው ፕላን አውጪዎች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። በአዲሶቹ ሕንጻዎች ምድር ቤት ውስጥ ለጥቂት ድስትና ለሁለት አግዳሚ የሚበቃ፣ ኪራዩ የሽሮን ዋጋ የማያስንቅ ቦታ ይኑር። ሕንጻውን የሚገነባው፣ የሚጠርገውና የሚጠብቀው ሰው ስድስት ሰዓት ላይ ይርበዋልና።