ከባዛር ወደ ቢያሻራ፦ የናይሮቢ ጨርቅ ተራ

የናይሮቢ ጨርቅ ተራ ታሪክ ከባቡር ጋር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ የተነሣው ሐዲድ ረግረጋማው ሜዳ ሲደርስ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ተከትለው ሱቅ ከፈቱ። በ1902 በአይጥ የሚዛመት ቸነፈር ገባና ባለሥልጣናቱ ባዛሩን አቃጠሉት፤ ነጋዴዎቹ ግን መልሰው ሠሩት። የያኔው የባዛር ጎዳና ዛሬ ቢያሻራ ይባላል፤ በስዋሂሊኛ ንግድ ማለት ነው።

ለዕረፍት ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርድ ቤተሰብ ካንጋ ከሚሸምትባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ጎዳና ነው። ካንጋ ከጠረፉ የመጣ፣ ስሙም ከጅግራ የተወሰደ የጥጥ ጨርቅ ነው። ሁለት ካንጋዎች ሳይነጣጠሉ በጥንድ ይሸጣሉ፤ በኋላ መሐሉ በመቀስ ተቆርጦ ጠርዙ ይዘመዘማል። ውበቱ ግን ከቀለሙ ይልቅ በቃሉ ነው፤ ዙሪያውን ጥለት ይከበዋል፣ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ አባባል ይታተምበታል። ገዢዋም አንብባ ትመርጣለች፤ ለእናት የሚሰጠውና ለተቀናቃኝ የሚለበሰው አንድ አይደለም።