ጂኖሚክስ የኮራሎችን ሙቀት የመቋቋም አቅም ለመለየት እያገለገለ ነው

የባሕር ውኃ ሙቀት እየጨመረ በመጣበት በአሁኑ ወቅት ከአንድ ዝርያ የሆኑ ኮራሎች ከፊሎቹ ሲሞቱ ከፊሎቹ የሚተርፉበትን ምክንያት ለማወቅ ተመራማሪዎች ጂኖሚክስ በተሰኘው የሳይንስ ዘርፍ እየተጠቀሙ ነው። ዘርፉ የአንድን ሕይወት ያለው ነገር ጠቅላላ የዘረ መል ስብስብ የሚያነብ ሲሆን፣ የትኛው ጂን መቼና ምን ያህል እንደሚሠራም ያጠናል።

ኮራል ድንጋይ ቢመስልም አከርካሪ አልባ እንስሳ ነው። አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሕዋሳቱ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። የውኃው ሙቀት በአካባቢው ከተለመደው ከፍተኛ መጠን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ አልጌዎቹ ከኮራሉ ይወጣሉ፤ ኮራሉም ይነጣል። ሙቀቱ ካልበረደ ይሞታል።

ለጥናቱ ሁነኛ ስፍራ ሆና የተገኘችው በፓስፊክ ውቅያኖስ በአሜሪካ ሳሞአ የምትገኘው ኦፉ ደሴት ናት። በደሴቲቱ ዳርቻ ሁለት አጎራባች የባሕር ኩሬዎች አሉ። ባሕሩ በሚሸሽበት ጊዜ የአንደኛው ኩሬ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲደርስ፣ የሁለተኛው ከ32 ዲግሪ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። በሁለቱም አክሮፖራ ሃያሲንተስ የተባለው ኮራል ይበቅላል።

ዳንኤል ባርሺስ፣ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ስቴፈን ፓሉምቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የሁለቱን ኩሬዎች ኮራሎች በገንዳ ውስጥ በማሞቅ የጂኖቻቸውን እንቅስቃሴ አነጻጽረዋል። ሙቀት ሲመጣ በሁለቱም ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ልዩነቱ በሞቃቱ ኩሬ ኮራሎች ዘንድ 60 ያህል ጂኖች ሙቀቱ ሳይመጣም አስቀድመው በከፍተኛ መጠን ይሠሩ የነበረ መሆኑ ነው። ነገሩ ክረምት ሳይገባ ጣራ እንደ መክደን ያለ ነው። ከጂኖቹ መካከል በሙቀት የተጎዱ ፕሮቲኖችን የሚጠግኑ ይገኙበታል።

ይህ ዝግጁነት የሚወረስ ነው ወይስ በኑሮ የሚለመድ? እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእነ ፕሮፌሰር ፓሉምቢ ጥናት ኮራሎችን ከኩሬ ወደ ኩሬ በማዛወር ለጥያቄው መልስ ሰጥቷል። ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ኩሬ የተዛወሩት ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የመቋቋም አቅማቸውን አሳድገዋል፤ ሆኖም የሞቃቱን ኩሬ ነባሮች አልደረሱባቸውም። መላመድና ከትውልድ ቦታ ጋር የተያያዘው ቋሚ ልዩነት ለአቅሙ ያላቸው ድርሻ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ውርስ ያለውን ክብደት አሳይቷል። ከሞቃታማው ሰሜናዊ ክፍል ወላጆች የተገኙ የኮራል እጮች ሙቀትን ተቋቁመው የመትረፍ ዕድላቸው እስከ 10 እጥፍ ከፍ ብሏል።

በዚያው ስፍራ ከ12 የሪፍ አካባቢዎች በተሰበሰቡ 237 ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ግን አቅሙን ብቻውን የሚወስን ጂን የለም፤ የብዙ ጂኖች ጥቃቅን ድርሻ ድምር ነው። በመሆኑም የትኛው ኮራል እንደሚተርፍ ለመገመት የዘረ መል መረጃውን ከአልጌው ዓይነትና ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ማጣመር ያስፈልጋል። ለጥበቃና ለማራቢያ የሚሆኑ ኮራሎችን የመምረጡ ሥራ የተወሳሰበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በጀመረው አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እስከ 2025 መጋቢት ወር መጨረሻ ድረስ 84 በመቶ የሚሆነው የዓለም የኮራል ሪፍ ለመንጣት ለሚዳርግ ሙቀት ተጋልጧል።