ዕብነ በረድ ክሬይፊሽ

ዕብነ በረድ ክሬይፊሽ (ሳይንሳዊ ስሟ ፕሮካምባሩስ ቪርጊናሊስ) ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የምትኖር፣ ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎቿን ጨምሮ አሥር እግር ያላት፣ የሽሪምፕና የሸርጣን ዘመድ የሆነች እንስሳ ናት። ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር አያልፍም። ስሟ የመጣው ዕብነ በረድ ከሚመስለው ዝንጉርጉር ቅርፊቷ ሲሆን፣ ጀርመኖች «ማርሞርክሬብስ» ይሏታል። ዝርያው ወንድ የለውም። ሴቶቹ ያለ ወንድ ዘር እንቁላል ይጥላሉ፤ የሚፈለፈሉትም ሁሉ እናታቸውን የሚመስሉ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «እሷ» ተብላ ትጠራለች።

አመጣጥ

እንስሳዋ መጀመሪያ የታወቀችው በሰው ቤት አኳሪየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን የአኳሪየም ንግድ ውስጥ ታየች፤ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ክሬይፊሽ ልጆች ማፍራቷም አርቢዎችን አስገረመ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች ያለ ወንድ እንደምትራባ «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት አረጋገጡ። ይህ ዓይነቱ መራባት ፓርተኖጄኔሲስ ይባላል። የቅርብ ዘመዷ በአሜሪካ በፍሎሪዳና በደቡብ ጆርጂያ የሚኖረው ፕሮካምባሩስ ፋላክስ ነው፤ እሱ ግን ወንድና ሴት አለው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዘረመል ጥናት ምስጢሩን በከፊል ገለጠው። አብዛኞቹ እንስሳት ሁለት ቅጂ ክሮሞሶም ሲኖራቸው ዕብነ በረድ ክሬይፊሽ ሦስት አላት። ከሦስቱ ሁለቱ እጅግ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ ይለያል። ከጀርመንና ከማዳጋስካር የተወሰዱት ናሙናዎችም ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ለማለት ያስደፍራል። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ በዓለም ያሉት በሙሉ የአንዲት እናት ቅጂዎች ናቸው።

በአኳሪየም መራባት

ብዙዎቹን የአኳሪየም ሽሪምፖችና ክሬይፊሾች ለማርባት ወንድና ሴት ለይቶ ማወቅ፣ ማጣመድና መጠበቅ ያስፈልጋል። እዚህ ግን አንዲት ብቻ ትበቃለች። ከ18 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሞቅ፣ በማጣሪያ አየር የሚያገኝ ውሃ ይስማማታል። የአኳሪየሙ ክዳን በደንብ መገጠም አለበት፤ በማጣሪያው ቱቦ ላይ ወጥታ ታመልጣለች። የወደቀ ቅጠል፣ የውሃ ተክል፣ ቀንድ አውጣ፣ የዓሣ ምግብ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ግን እሷንም ሆነ ሽሪምፕን ይገድላል።

በእርባታው ከባዱ ጊዜ ቅርፊት የምትለውጥበት ነው። ቅርፊቱ አብሯት ስለማያድግ እየጣለች አዲስ ታበጃለች፤ ለዚህም ካልሲየም ያስፈልጋታል። አሮጌውን ቅርፊት መልሳ ስለምትበላው ከአኳሪየሙ ማውጣት አይገባም። አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ሰውነቷ ለስላሳ ስለሆነ እህቶቿ ራሳቸው ሊበሏት ይችላሉ። ሸክላ፣ ቱቦ፣ የድንጋይ ስንጥቅ የመሳሰሉ መደበቂያዎች ከእንስሳቱ ቁጥር በላይ መሆን ያለባቸውም ለዚህ ነው።

እንቁላሎቹ ከጅራቷ ሥር ባሉት ትንንሽ እግሮች ላይ ተጣብቀው ይቆያሉ። እናቲቱ እያወዛወዘች ንጹሕ ውሃ እንዲደርሳቸው ታደርጋለች። በሞቀ ውሃ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ግልገሎቹም ቅርፊት እስኪለውጡና ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እዚያው ተንጠልጥለው ይከርማሉ። ትንሽ እናት በአንድ ጊዜ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ ትልቋ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትይዛለች። ግልገሎቹ በግማሽ ዓመት አካባቢ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። አንዷ 100 ብትወልድና ሁሉም ቢተርፉ፣ እነሱም እያንዳንዳቸው 100 ቢወልዱ፣ የልጅ ልጆቹ 10,000 ይሆናሉ። እርስ በርስ መበላላታቸው ቁጥሩን ይቀንሰዋል እንጂ አርቢውን አያድነውም። መጀመሪያ ለወዳጅ ያድላል፤ ወዳጆቹም ሲበዛባቸው የሆነ ሰው ወደ ኩሬ ይለቃቸዋል።

ወደ ዱር መውጣት

በጀርመን የሆነውም ይህ ነው። በፍራይቡርግ ከተማ ባለው ሞስቫየር ሐይቅ ዛሬ ራሷን ችላ ትራባለች። እንደ ሌሎቹ የሰሜን አሜሪካ ክሬይፊሾች ሁሉ፣ ራሷ ሳትሞት የክሬይፊሽ ወረርሽኝ የሚባለውን ሻጋታ መሰል በሽታ ልትሸከም ትችላለች፤ የአውሮፓ ዝርያዎች ግን ያልቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 በወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷታል። ስለዚህ በአባል አገሮቹ እሷን መያዝ፣ ማርባት፣ መሸጥና መልቀቅ የተከለከለ ነው።

ትልቁ መስፋፋት የታየው በማዳጋስካር ነው። በዚያ የያዘችው ስፋት እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 1,000 ካሬ ኪሎሜትር የነበረ ሲሆን በ2017 ከ100,000 አልፏል። የሩዝ ማሳዎችና ቦዮች ተስማሟት፤ በደሴቲቱ ብቻ ለሚገኙት አስታኮይደስ ለተባሉት ክሬይፊሾችም ስጋት ሆነች። ነገሩ አንድ ወገን ብቻ የለውም፦ በገበያ ለምግብነት ትሸጣለች፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችንም ትበላለች።

በአፍሪካ ዋና ምድር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ የተፈጥሮ ክሬይፊሽ የለም። የወንዝ ሸርጣኖች ግን አሉ። በጎረቤት ኬንያ ዘመዷ የሆነው የሉዊዚያና ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ገብቶ የውሃ ተክሎችን ክፉኛ ጎድቷል።

ትርፍ ግልገሎችን ወደ ወንዝ፣ ኩሬም ሆነ ፍሳሽ መስመር መጣል አይገባም። በማቀዝቀዣ አድርቆ ማስወገድ ይቻላል። የአኳሪየሙ ውሃም የበሽታው ዘር ሊኖርበት ስለሚችል ወንዝ ውስጥ አይደፋም።