የእጅ ጥበብና የዓሣ ሀብት ቴክኒሺያን ሥልጠና፦ ከቀጨኔ እስከ ጣና

የአንድ ሙያ ሥልጠና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ትምህርት ቤቱ ከተከፈተበት ዕለት ጀምሮ ነው። ሙያው ግን ከትምህርት ቤቱ ቀድሞ የነበረ፣ በቤትና በመንደር ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ እንደሆነ፣ እንዲህ ያለው አጻጻፍ የታሪኩን ግማሽ ያስቀራል። የዓሣ ሀብት ቴክኒሺያን ሥልጠና በአገራችን ዘግይቶ የመጣበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ይህ ጽሑፍ ሁለት የባለሙያ ማኅበረሰቦችን፣ የቀጨኔን ሸክላ ሠሪዎችና የጣናን ዓሣ አጥማጆች፣ ጎን ለጎን አቅርቦ ለመመልከት ይሞክራል። ሁለቱን የሚያዛምዳቸው በአፈርና በውኃ ላይ ያካበቱት ዕውቀት ነው፤ ሌላው ዝምድናቸው በዕውቀታቸው ምክንያት የደረሰባቸው ንቀት ነው።

ቀጨኔ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ የባለ እጆች ሠፈር ነው። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች በዚያ ሠፍረው የነዋሪውን ጀበና፣ ድስትና እንስራ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ሸክላው የሴቶች ሙያ ነው። ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አፈር መምረጥን፣ መውቀጥን፣ መንፋትንና መለወስን ትማራለች፤ ቅርጽ ማውጣቱና በእሳት መተኮሱ በመጨረሻ ይመጣል። የምስክር ወረቀት የማይሰጥበት ይሁን እንጂ ሥርዓትና ደረጃ ያለው ሥልጠና ነው። ሆኖም ዕቃው በየቤቱ ሲወደድ፣ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባለች ከጋብቻና ከማዕድ ስትገለል ቆይታለች። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ እንዲቀጣ በ1900 ዓ.ም. ማወጃቸው፣ ችግሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበረ ያመለክታል።

ይህ የሸክላ ዕውቀት ከዓሣ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። የዓሣ ኩሬ የሚቆፍር ቴክኒሺያን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው አፈርን ነው። እርጥብ አፈር በእፍኙ ዘግኖ በመጭመቅ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ግማሽ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወርውሮ ይቀልበዋል። ድቡልቡሉ ከፈረሰ አሸዋ በዝቶበታልና ኩሬው ውኃ ያሰርጋል፤ ሳይፈርስ ከቀረ ግን ውኃ ለመያዝ የሚበቃ ሸክላ አለው ማለት ነው። በሥልጠና መጻሕፍት የሚገኘው ይህ መፈተኛ፣ የቀጨኔ እናት ለልጇ በመጀመሪያ ከምታስተምረው የእጅ ዕውቀት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ወደ ጣና ስንሻገር ተመሳሳይ ታሪክ እናገኛለን። ወይጦዎች በሐይቁ ዳርቻ እየኖሩ፣ ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ፣ በወጥመድና በመንጠቆ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ጉማሬም ሲያድኑ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ሲያርቃቸው ኖሯል። ስለ ውኃው ጠባይና ስለ ዓሣው መንገድ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ በማይገኝበት ዘመን እንኳ፣ እነርሱን መምህር አድርጎ የቆጠራቸው አልነበረም።

ዘመናዊው የቴክኒክ ትምህርት ሲመጣም ይኸው ቀጠለ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው የፖሊቴክኒክ ተቋም የእርሻ መሣሪያ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ሙያዎችን ያስተምር ነበር። በአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ዳር ተመሥርቶ ሳለ የዓሣ ክፍል አልነበረውም። የዓሣ እርባታ በተቋም ደረጃ የተያዘው በ1960ዎቹ ማለቂያ፣ ከአዲስ አበባ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰበታ ጣቢያ ሲቋቋም ነው። ጣቢያው ጫጩት እያራባ ለግድቦችና ለሐይቆች ሲያከፋፍል ቆይቶ፣ በኋላ የአገሪቱ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ሆነ።

የቴክኒሺያን እጦት ምን እንደሚያስከፍል ጣና ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች ከተማ በሆነችው በዑርክ የተመሠረተ የአብያተ ክርስቲያናት ርዳታ ድርጅት በተሳተፈበት ፕሮጀክት፣ ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ምርቱ አደገ፤ ገበያውም ሰፋ። ነገር ግን በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙት 15 የጣና የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በርካቶቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና ግልገል ዓባይ ወደመሳሰሉት ወንዞች ይወጣሉ፤ መረቡም በዚያው ወቅት በወንዞቹ አፍ ይዘረጋ ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባደረጉት ክትትል የእነዚህ ዓሦች ብዛት በ75 በመቶ ገደማ መቀነሱን አረጋግጠዋል፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱም ይኸው የመራቢያ ወቅት አጠማመድ እንደሆነ ገልጸዋል። መሣሪያው ከሠለጠነው ሰው ቀድሞ ደርሶ ነበር።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጣ። ሕግ ግን ራሱን አያስከብርም። በየወደቡ ቆሞ የተያዘውን ዓሣ የሚለካ፣ የሚመዝንና የሚመዘግብ፣ የመረቡን ዓይን ስፋት የሚመረምር ሰው ያስፈልገዋል። በዚሁ ዘመን አካባቢ በብዛት የሠለጠኑት የልማት ሠራተኞች በእጽዋት፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ሲመደቡ፣ ዓሣ ራሱን የቻለ የሙያ መስመር አልሆነም።

የቴክኒሺያኑ ሥራ ደግሞ በወንበር ላይ ብቻ የሚጠና አይደለም። ለምሳሌ ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ በኩሬ ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ ይራባል፤ ወንዱና ሴቷ አብረው ከተተዉ ኩሬው በጫጩት ይጨናነቅና ሁሉም ቀጭጨው ይቀራሉ። ስለዚህ ሠልጣኙ ዓሣውን በእርጥብ እጁ ይዞ፣ ሆዱን ገልብጦ ተመልክቶ ወንዱን ከሴቷ መለየት አለበት። ይህን ችሎታ የሚሰጠው በባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ በመቶ የሚቆጠር ዓሣ ማገላበጥ ነው። የቀጨኔዪቱ ልጅም ሸክላን የተማረችው በዚሁ መንገድ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለዕቅድ አውጪዎችና ለመምህራን ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ አዲስ መሣሪያ የሚያስገባ ማንኛውም ዕቅድ፣ መዝጋቢና ተቆጣጣሪ የሚሆኑትን ቴክኒሺያኖች ሥልጠና ከመሣሪያው ግዢ በፊት ማስቀደም ይገባዋል። ሁለተኛው፣ አሠልጣኝ የሚመረጠው በዲፕሎማ ብቻ ሊሆን አይገባም፤ የጣና አጥማጅ ስለ ዓሣው መንገድ፣ ሸክላ ሠሪዋ ስለ አፈር በሠልጣኞች ፊት ቆመው የሚያስረዱበት ሰዓት በመርሐ ትምህርቱ ሊያዝ ይገባል። ለሁለተኛው ገንዘብ እምብዛም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በ1900 ዓ.ም. የታወጀው የባለ እጅ ክብር እስከ መማሪያ ክፍል እንዲደርስ ማድረግ ነው።