የቅኔ ቤት የአስተሳሰብ ሥርዓትና የድርሰት ትምህርት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የቅኔን ታሪክ ከምንጩ ጀምሮ መተረክ አይደለም። ያሬድ ነው፣ ዮሐንስ ገብላዊ ነው፣ ተዋነይ ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወዋለን። እዚህ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የቅኔ ቤት ተሰጥዖ ያለውን ልጅ በምን መንገድ እየመራ ለድርሰት ያበቃዋል የሚል ነው።

ብዙ ሰው ቅኔን ከሰማይ እንደሚወርድ ስጦታ ብቻ አድርጎ ይናገራል። ትምህርቱን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ የግእዝን ግስና አገባብ ያጠናል። ከዚያም ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ሲበረታ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ፣ አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፣ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ዕድሜው አይጠየቅም፤ ቅኔው ከሞላለት ያልፋል። ስለዚህ ፈጣኑ ልጅ ዝግተኛውን ሲጠብቅ አይደክምም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቆጠራ የሚባለው ነው። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ ያስባል። ሐሳቡ ልቅ አይደለም። መጀመሪያ ወርቁን፣ ማለት ሊናገር ያሰበውን እውነተኛ ነገር ይይዛል። ቀጥሎ ሰሙን ከእርሻ፣ ከሸማ ሥራ፣ ከዝናም ወይም ከመጽሐፍ ታሪክ ይፈልጋል። ለምሳሌ ወርቁ መምህር፣ ሰሙ ገበሬ ቢሆን፣ ቃሉ ዘር፣ የተማሪው ልብ መሬት ሊሆን ይገባዋል፤ «ዘራ» የሚለውም ግስ ሁለቱን ያለ ችግር መሸከም አለበት። ገበሬው በሬ ካለው የመምህሩ በሬ ማን ነው? መልስ ካልተገኘ በሬው ከቅኔው ይወጣል። በእኔ አስተያየት የልጁን አእምሮ የሚያሠራው ነፃነቱ ሳይሆን ይህ ጥያቄ ነው።

የቆጠረውን ይዞ ወደ ነገራ ይመጣል። መምህሩ ወይም አስነጋሪው፣ ማለት በትምህርቱ የገፋው ተማሪ፣ ሰምቶ ያርመዋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ አይቻልም፤ አዲስ መቁጠር ግድ ነው። የኔታም ከተማሪው የሚፈልጉትን ራሳቸው እየተቀኙ ያሰማሉ። ለመሆኑ ከተማሪው ጋራ አብሮ የሚጽፍ የድርሰት አስተማሪ ስንት ነው?

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ድርሰት ማለት አንድ ርእስ በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ አርባ ደቂቃ መስጠት ነበር። ስሕተቱ በቀይ ቀለም ይታረማል፤ እንዴት እንደሚታሰብ ግን የነገረን አልነበረም። ከመካከላችን እጅግ ብሩህ የነበረው ልጅ ዘወትር ግማሽ ገጽ ጽፎ ያቆም ስለ ነበር ሰነፍ ተባለ፤ በኋላም መጻፉን ጨርሶ ተወው።

የቅኔ ቤት ፍሬ በግእዝ ብቻ አልቀረም። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ወጥተው በአማርኛ ተውኔት ደርሰዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ አለማየሁም በጎጃም የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩ ናቸው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ማለት ግን ያስቸግራል፤ ሁለቱም ዘመናዊውን ትምህርት ያውቁ ነበርና።

ጉድለቱም መሸሸግ የለበትም። ተማሪው ለምኖ የሚያድር በመሆኑ ስንቱ ብሩህ ልጅ በረኀብና በበሽታ እንደ ቀረ የቆጠረው የለም። ሴቶችም ከደጁ ርቀው ኖረዋል፤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም የቅኔ መምህርት መሆናቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነገረው ነገሩ ብርቅ ስለ ነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ቆጠራና ነገራ ግእዝ ለማያውቅ የአማርኛ ክፍልም ይሆናሉ። አስተማሪው ወርቁን ይስጥ፤ ተማሪው ሦስት ሰም ፈልጎ ሁለቱን የጣለበትን ምክንያት በቃል ያስረዳ፤ በሦስተኛው ይጻፍ። ለዚህ ግን የትምህርት ሰሌዳው መለወጥ አለበት፤ አርባ ደቂቃ ለቆጠራው እንኳ አይበቃም።