የሊማሊሞ ዳገትና የተሰባሪ ዕቃ አያያዝ ታሪክ

ስለ ሸቀጥ ማሸጊያ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የካርቶንና የላስቲክ ፋብሪካን ነው። በዚህም ምክንያት ሙያው በአገራችን የጥቂት ዐሥርት ዓመታት ዕድሜ ብቻ ያለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ከምጽዋ ተነሥቶ፣ በዓድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር ይገባ የነበረውን የነጋዴ መንገድ ለተመለከተ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ይህ መንገድ ከአዲ አርቃይ ደባርቅ እስኪደርስ በሊማሊሞ ገደል ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከባሕር ማዶ የመጣ መስታወትና ብርጭቆ በጎንደር ገበያ የሚዘረጋው ይህን ዳገት ሳይሰበር ካለፈ ብቻ ነበር።

በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በዚሁ መንገድ ሲመጣ የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት የተባለ ትልቅ መሣሪያ ይዞ ነበር። ገና ከምጽዋ እንደ ወጣ፣ በታራንታ ተራራ ላይ፣ አራት አራት እየሆኑ ሣጥኑን ሊሸከሙ የተመደቡት ስምንት ሰዎች ጥቂት እንደ ሄዱ ተስፋ ቆረጡ። መሬት ለመሬት እንጎትተው የሚል ሐሳብ እንኳ ቀርቦ ነበር። በመጨረሻ ብሩስ ራሱና በመንገድ የተቀላቀለው አንድ እስላም ዋናውን ክፍል ተሸክመው አወጡት፤ እጅና ጉልበታቸው ደማ፣ ልብሳቸውም ተቀዳደደ። ሣጥኑ መሣሪያውን ይጠብቅ ይሆናል፤ ለሚሸከመው ሰው ግን አልታሰበለትም።

የአገሬው ዘዴ መነሻው ተሸካሚው ነው። ግጭትንም በግትርነት ከመቋቋም ይልቅ በልስላሴ ያበርደዋል። እንቁላል በጭድ ተቀብሮ ገበያ ይወጣል፤ ጭዱም ኋላ ለከብት መኖ ወይም ለምርጊት ይውላል። አገልግል ተሰፍቶ ቆዳ ይለበጣል፤ ስፌቱ ግፊትን ይቀበላል፣ ቆዳው ዝናብን ይመልሳል፣ ክዳኑም በጠፍር ይታሰራል። የብራና መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ ከትከሻ ይንጠለጠላል። የበቅሎ ጭነት ደግሞ በግራና በቀኝ ተመዛዝኖ በመጫኛ ይጠፈራል። አንዱ ወገን ከብዶ ጭነቱ ዳገት ላይ ከዞረ፣ ዕቃው በምን ቢጠቀለል ምን ይረባል?

ከሁሉ አስቸጋሪው ሸክላ ነው። በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ማሰሮና እንስራ ሠርተው፣ ተሸክመውም ለገበያ ያደርሱ ነበር። ስለዚህ ሠሪዋም አጓጓዧም አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕቃው የት እንደሚሰነጠቅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ገበያተኛው ግን ማሰሮዋን እየገዛ በቡዳነት ያማት ነበር። ከሚታማ ሰው ማን ሙያ ይማራል? በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። ይህ ለሙያችን ቀላል ጉዳት አይደለም።

በጣልያን ወረራ ዘመን በሊማሊሞ የመኪና መንገድ ተቀደደ። መኪና እንደ በቅሎ እግሩን የሚያሳርፍበትን አይመርጥም፤ ጭነቱንም ያንገጫግጫል። ከመኪናው ጋር የጣውላ ሣጥንና ጆንያ፣ ኋላም ላስቲክ መጣ። ሣጥኑና ጆንያው ተመልሰው ይሠራሉ፤ ላስቲኩ ግን ገደል ለገደል ተበተነ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የላስቲክ ከረጢቶችን ለመከልከል ደነገገ። በምን ይተኩ የሚለው ግን የሕግ ሳይሆን የእኛ ሥራ ነው። ሥራውም የሚጀመረው ጭድን፣ ስፌትንና ቆዳን በመለኪያ ፈትኖ፣ አገልግል የሚሰፉትና ጭነት የሚጠፍሩት አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ከእነርሱ ጠይቆ በመጻፍ ነው።